አንዴ እሳት ያየ ጣፋጭ

መንዝ ውስጥ ከእህሉ ይልቅ ማገዶው የሚቸግርበት ቤት ብዙ ነው። የተወለድኩባት ሞላሌ፣ የማማ ምድር ከተማ፣ ወደ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ጽድና ወይራ ካማረን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብተን ነው የምናየው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ሸዋ ከገባ በኋላ እንኳ ወደኛ ደጋ ለመውጣት ጊዜ ወስዶበታል፤ ወጥቶም ብርዱ እንደ ልቡ አያሳድገውም። ጓሳ የሚባለው ደጋ ሣርና ቁጥቋጦም ለሁሉ ክፍት አልነበረም፤ አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች ተወላጆች ቄሮ በሚሉት የጋራ ጥበቃ ሥርዓታቸው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየዘጉና እየከፈቱ የጠበቁት መሬት ነው። ስለዚህ የኛ ቤት እሳት ኩበት ነበር። እበቱ ከጭድ ጋር ይለወሳል፣ ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ክምሩ ክረምቱን ሳያሻግር ካለቀ የቤቱ እመቤት ጎረቤቶቿን ቀና ብላ አታይም።

ስለ በዓል ጣፋጭ ልጽፍ ተነሥቼ ከኩበት መጀመሬ ያለ ነገር አይደለም። ባልትና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። መንዝ ለበዓል የሚያወጣው ጣፋጭ ምድጃ የማይፈልገው ባለሙያዋ ስለሰነፈች እንዳልሆነ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግር ነበር። እሳቱ በአንድ ቀን ሥራውን ሁሉ እንዲጨርስ ስለተደረገ ነው። ገብሱ አንዴ ይቆላል፤ ከዚያ ወዲያ ለወራት እሳት ሳይነድ ይበላል። በሶ ይኸው ነው፤ ጭኮም ቅቤ ያገኘ በሶ ነው።

ብዕር ያስነሣችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ቤታቸው ለገና ሰንብቼ ሳለ ብስኩት ሰባብራ፣ ቅቤና ካካዎ አቅልጣ፣ ማርሽማሎው የሚባለውን ነጭ ለስላሳ ከረሜላ ቆራርጣ ጨምራ፣ ትሪ ላይ ጠፍጥፋ ፍሪጅ ከተተችው። “እትዬ፣ ያለ ኦቭን የሚሠራ አዲስ ነገር ላቅምስሽ” አለችኝ። ጣመኝ፤ አዲስነቱ ላይ ግን አልተስማማንም። የደረቀና አስቀድሞ የበሰለ እህል፣ የሚያያይዝ ቅባት፣ የሚያረጋ ብርድ፤ እናቴ ሞላሌ ላይ ያደረገችው ከዚህ በምን ይለያል? እንዲያውም ፍሪጁን አገሩ ራሱ በነጻ ይሰጣት ነበር።

በሶ ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ይታመሳል። ማታ ገብሱ በውሃ ይርሳል። ጠዋት እናቴ ሙቀጫ ውስጥ ትፈትገዋለች፤ ገለባው ሲላቀቅ በሰፌድ ታበጥረዋለች፤ የቀረው እንዲለቅ መልሳ ትሸከሽከዋለች። ፀሐይ ሲመታው ምጣድ ላይ ይወጣል። የኩበት እሳት አይንቦገቦግም፤ ፍሙ ረጋ ያለ ነው፤ ለገብስም የሚስማማው እሱ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ማግደው የሚቆሉ ሰዎች ውጩን አሳርረው ውስጡን ጥሬ ሲያስቀሩት አይቻለሁ። እናቴ ማቁያዋን ሳታስቀምጥ ታማስላለች። መጀመሪያ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ቀጥሎ ይንጣጣል፤ ከዚያ ሽታው ይለወጣል። ቀለም አታምንም ነበር፤ ጢስ በሞላው ቤት ቀለም አይለይም። አንዲት ፍሬ አንሥታ በፊት ጥርሷ ትሰብራለች። መሐሉ ጠጣር ሆኖ ከታገላት ገና ነው። ቀጭ ብሎ ዱቄት ከሆነ “በቃ አውርጂው” ትለኛለች።

ከዚያ ወፍጮ። የበሶ ዱቄት ከእንጀራ ዱቄት ይበልጥ መድቀቅ አለበት፤ አለዚያ ጉሮሮ ይይዛል። መጁን ስትገፋ ወገቧ እስኪቆረጥ ነበር፤ የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የተገላገለው የሴት ወገብ ነው። ደረቁን በሶ ከወንፊቱ ሥር ቃም አድርጎ የሳቀ ልጅ ትን ይለውና ነጭ ደመና ይተፋል። ትልልቆቹ ሆን ብለው ያስቁን ነበር።

መቆላቱ እህሉን ያበስለዋል፣ እርጥበቱንም ያወጣለታል፤ ስለዚህ ነቀዝም ሻጋታም ቶሎ አይደፍረውም። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይበቃዋል፤ በእፍኝ ተጨምቆ ጭብጦ ይሆናል፣ ተበጥብጦ ይጠጣል። ከድፎ ዳቦ ጋር አስተያዩት። ድፎ ከላይም ከታችም እሳት ይፈልጋል፤ አንዱ የገና ድፎ የፈጀው ኩበት የስንት ቀን ወጥ ይሠራ ነበር! ለዚህ ነው ዳቦው በዓል ጠብቆ አንዴ የሚጋገረው፤ በሶው ግን ዓመት ሙሉ ከቅሉ የማይጠፋው።

ስለ መንዝ የተጻፈው ታሪክ ብዙው የመኳንንትና የጦር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነጋሲ ክርስቶስ ከአጋንቻ ተነሥቶ የሸዋን ነገሥታት ሐረግ የጀመረው ከዚህ ደጋ ነው፤ ከእሱ ወዲህ መንዜ ያልዘመተበት ጦርነት አለ ለማለት ይቸግራል። ታሪክ ጸሐፊዎች ጦሩን ይቆጥራሉ፤ ጦሩ የበላውን ግን እምብዛም አይጠይቁም። የዱሮ ዘማች ቀለቡን ከመንግሥት መጋዘን አይጠብቅም ነበር። ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ አህያና አጋሰስ፣ ከሁሉም በላይ ሴቶች ይሸከሙለታል። ጠላት ቅርብ ሲሆን ደግሞ ጢስ ያጋልጣል። እሳት የማይፈልግ ምግብ ለወታደር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

ዓድዋን እንውሰድ። ምኒልክ የክተቱን አዋጅ ካስነገሩ በኋላ ጥቅምት 2 ቀን 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ የሸዋ ሰው ጥቅምት እኩሌታ ላይ ወረኢሉ እንዲገናኛቸው ታዞ ነበር። ወረኢሉ ከመንዝና ከግሼ ወደ ሰሜን ያለ ቅርብ አገር ነው፤ የኛ ሰው ከደጁ እንደ መዝመት ይቆጥረዋል። ውጊያው ግን የካቲት 23 ቀን ነው የሆነው፤ አራት ወር አልፎ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልተበላሸ ስንቅ ምን ሊሆን እንደሚችል የአገራችን ባለሙያ ሁሉ ታውቃለች፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በርበሬ።

ጭኮ በዚያ ስንቅ ውስጥ እንደ ልብ ነበር የሚሉ ሰዎች ሲናገሩ እሰማለሁ። እኔ እጠራጠራለሁ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን ባዶ አድርጎት ነበር፤ ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ የመጣው በሬ አልቆ እርሻ በመቆሙ ነው። ላም ያለቀበት አገር ከዚያ ቸነፈር በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለዚያን ያህል ሠራዊት ቅቤ ከየት ያመጣል? የመኳንንቱ አገልግል ቅቤ አላጣም ይሆናል። ተራው መንዜ ግን ወደ ዓድዋ ይዞት የሄደው ደረቁን በሶ ይመስለኛል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ስንቅ ራሱ ግዳይ ሆነ። የአርበኞች መሪ የነበሩት፣ ኋላ ራስ የሆኑት አበበ አረጋይ በሰሜን ሸዋ ሲዋጉ ከተዋጊው ኋላ ስንቅ የሚያሰናዳ፣ ቁስለኛ የሚያስታምም ሌላ ሕዝብ ነበረ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ይህን ሕዝብ በዘረት፣ አመጸኛ ዋሻ በሚባለው ቦታ ከበበው። ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና ቁስለኞች በመርዝ ጋዝ ተጠቁ፤ የወጡትም ተረሸኑ። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የጦሩን የራሱን ሰነድ መርምሮ ነገሩን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ይፋ አደረገው። በአካባቢው ሰው ዘንድ ግን ተደብቆ አያውቅም። ወራሪው ከጠብመንጃ ያዡ ይልቅ ስንቅ አሰናጁን አድኖ መፍጀቱ የኩሽናን ታሪክ ተራ ነገር ለሚሉ ሁሉ መልስ ይመስለኛል።

የቤተ ክህነት ተማሪም በዚሁ ነው የኖረው። የቆሎ ተማሪ የሚባለው በከንቱ አይደለም። አኩፋዳው ውስጥ ቆሎ ካለ ዛሬን አደረ፤ በሶ ካለ ነገንም አሰበ። አሁን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተራውን ይዟል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብቻ ከመንዝ የወረደውን የበሶ ላስቲክ የቆጠረው የለም። ማደሪያ ክፍል ውስጥ ምድጃ አይፈቀድም፤ ስኳርና ውሃ ግን አይጠፋም።

ታዲያ የዘማችና የተማሪ ስንቅ እንዴት የበዓል ጣፋጭ ሆነ? መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዘመን መቁጠሪያው ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ያ ወቅት ደግሞ ክረምቱ ያበቀለው ሣር ገና ያላለቀበት፣ ላሞች የሚታለቡበት ነው። ወተቱ ይናጣል፤ ቅቤው ግን አይበላም። ከፊሉ ገበያ ይወጣል፣ ከፊሉ በቅል ይጠራቀማል። በዚያው በኅዳርና በታኅሣሥ ገብሱ ይታጨዳል፣ ይወቃል። ታኅሣሥ 29 ገና ሲደርስ አዲስ ገብስና የጾም ቅቤ አንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ። ውርጭ የመታው ዓመት ካልሆነ በቀር፣ መንዝ በዓመቱ ውስጥ እጁ የሚረዝመው ያን ሰሞን ነው። በልግ ጠፍቶ፣ ክረምቱም ከድቶ፣ እንደ 1977 ያለ ዓመት ሲመጣ ደግሞ የጭኮ ነገር አይነሣም።

የጭኮን ነገር ስናነሣ ባለቤቱን መናገር ደግ ነው። ጭኮን አዘውትረው የሚሠሩት ኦሮሞዎች ናቸው፤ በሰላሌ፣ በአርሲና በባሌ ለሠርግና ለክብር እንግዳ ይቀርባል። መንዝ ከሰላሌ ሩቅ አይደለም፤ ከወሎም ይዋሰናል፤ ገበያውም ጋብቻውም ሲቀላቀል ኖሯል። እኛ የኛ ነው ብለን የምንኮራው በገብሱና በበሶው ነው፤ በቅቤ ማሸቱን ከጎረቤት ተማርን ብል የሚቀየመኝ መንዜ ቢኖር ይቀየም። ቅቤውም ቢሆን ስሙን ያገኘው ሌላ አገር ነው፤ አዲስ አበባ ገበያ ላይ ሸኖ ለጋ ሲባል እንጂ የሞላሌ ቅቤ ሲባል አልሰማሁም።

አሠራሩን እናቴ እንዳሳየችኝ ልንገር። ቅቤው በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላና በእርድ ይነጠራል፤ ይጠልላል። ትኩሱን በሶ ላይ የምታፈስ ሴት ዱቄቷን ታጓጉላለች፤ ጣት የሚያስችል ለብታ ሲደርስ ነው የሚፈሰው። አንድ ኪሎ በሶ ግማሽ ኪሎ ቅቤ ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ይጠጣል፤ ጨውና ለሽታ ያህል ሚጥሚጣ ቀድሞ ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃል። ገበቴ ላይ ሲታሽ እናቴ እፍኝ ታነሣና ጨብጣ ትለቀዋለች። ከፈረሰ ቅቤ ይጨመራል። ቅርጹን ከያዘ በአውራ ጣቷ መሐሉን ትጫነዋለች፤ የጣቷ አሻራ ሳይሰነጠቅ ከታተመ መጠኑን አገኘ፤ ጣቷ ላይ ቅባት ከተከተላት በሶ ትመልስበታለች። ውሃ ጠብ አይልበትም። አንዲት ጠብታ የገባችበት ጭኮ ይሻግታል፤ ያልገባበት ለወራት ይቀመጣል። ከዚያ ተጠፍጥፎ፣ ተሸፍኖ በረንዳው ላይ ያድራል። የመንዝ ሌሊት ቅቤውን ያረጋዋል፤ ጠዋት በቢላዋ ተቆርሶ ለልጆች ይታደላል፤ ገና ጨዋታ ሊመቱ የሚወጡት ወንዶች በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ይወስዱታል። አራስ ካለች የሷ ድርሻ ቀድሞ ይነሣል።

ጣፋጭ ስል ግን ስኳር እንዳይመስላችሁ። ጭኮ ጨው ያለው ነው፤ ጣዕሙ ከቅቤውና ከተቆላው ገብስ ነው። ማር ከቆላው ይወጣ ነበር፤ ዋጋውም ስለማይቀመስ ብዙውን ጠጁ ይወስደዋል። በጾም በሶ በማር የሚታሸው ሲገኝ ብቻ ነው። ያን የለወጠው ወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ከጀመረ በኋላ፣ ስኳር በቅሎ ላይ ተጭኖ ከጣርማ በር ወዲህ ያለውን ዳገት እየወጣ ሞላሌ ገበያ ደረሰ። የኔ ዘመን ልጆች በሶ በስኳር ያደግን ነን። ደስታ ከረሜላም ደረሰልን፤ አንዷን ለሁለት ሰብረን በወረቀቷ እንጣላ ነበር። ቸኮሌት ግን በመጽሐፍ ካልሆነ አላየሁም። ካካዎ የሚበቅለው ሞቃትና ርጥብ ቆላ ላይ ነው፤ የዓለምን ገበያ የሚሞሉት ኮትዲቯርና ጋና ናቸው፤ ቡናችን ወደ እነሱ አገር ይሄድ እንደሆነ እንጂ ካካዎአቸው ወደኛ የመጣው በአውሮፓ ዞሮ ነው።

ከኛ ሌላ በዚህ መንገድ የሄደ ሕዝብ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ ሲኖር ወደ ቲቤት እልከው ነበር። እዚያም ደጋው ከኛ ይብሳል፤ ዛፍ እምብዛም የለም፤ ማገዶው የያክ እበት ነው፤ እህሉ ገብስ ነው። ገብሱን ቆልተው ይፈጩና ጻምፓ ይሉታል፤ ቅቤ በገባበት ሻይ በጣታቸው ለውሰው ጭብጦ አድርገው ይበሉታል። ከእነሱ ጋር የተማማርንበት መንገድ የለም። ብርድ፣ ገብስና የእበት እሳት አንድ ቦታ ሲገጥሙ ሁለቱም ሕዝብ እህሉን አንዴ ቆልቶ መገላገልን መረጠ። ትግራይ ውስጥ ጥሕሎ እንዲሁ ከተቆላ ገብስ ዱቄት ይድበለበላል፤ እሱ ግን ከወጥ ጋር የሚበላ የቁም ነገር ምግብ ነው።

የወንድሜ ልጅ የጨመረችው ማርሽማሎው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ስሙ ረግረግ ላይ የሚበቅል ተክል ስም ነው፤ ዱሮ ከሥሩ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር ለጉሮሮ ሕመም በስኳር ይሠራ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች ከረሜላ አደረጉት፤ ኋላ ተክሉ ቀርቶ ጄላቲን ገባበት። በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ባትል ክሪክ ከተማ ደግሞ፣ የኬሎግ የእህል ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረችው ሚልድረድ ዴይ በ1939 (እ.ኤ.አ.) የተፈካ ሩዝ በቀለጠ ማርሽማሎውና ቅቤ ለውሳ ትሪ ላይ ጠፍጥፋ ቆረጠች፤ ልጃገረዶች ለማኅበራቸው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሸጡት። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ የሚያድጉ የኛ ልጆች በትምህርት ቤት በዓል የሚቀምሱት ይህንኑ ነው። ፋብሪካው እህሉን አስቀድሞ አፈካው፤ ሠሪዋ ማያያዣውን አሞቀች፤ ምድጃ አላስፈለገም። የወንድሜ ልጅ ከዚህ ዘር ነው የተማረችው፤ ሩዙን በብስኩት ለወጠችው እንጂ።

አንድ ነገር ግን አላሰበችም ነበርና ነገርኳት። ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ፓኬቱ ላይ የየትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ አይጻፍም። ለገና ማግስት የሚያከራክር ቢሆንም፣ ለጾም ግን ያለ ጥርጥር አይሆንም። ማርሽማሎውን ለጎረቤት ልጆች አስረከበች። “እሺ እትዬ፣ በምን ላያይዘው?” አለችኝ።

በበሶ ሞከርነው። ለፍስክ የሚሆነውን በንጥር ቅቤ፣ ኮሰረቱን ትተን ኮረሪማውን ይዘን ሠራነው፤ ካካዎና ኮረሪማ ይስማማሉ፣ ካካዎና ኮሰረት ግን ይጣላሉ። ካካዎው እንደ በሶው ደረቅ ስለሆነ ቅቤ ይጠጣል፤ ከተለመደው ልክ ጨመር ማድረግ ግድ ነው። ለጾም የሚሆነው ቀላል ነው፦ በሶ፣ ካካዎ፣ ማር፣ ጥቂት የተቆላ ሰሊጥ፤ በእጅ ይታሻል፣ ይድበለበላል። ማሩን እሳት ላይ ጥዳ ልታፈላው ስትል ከለከልኳት። ለብ ካለ ይበቃዋል፤ የፈላ ማር ሲበርድ ድንጋይ ይሆንና የሽማግሌ ጥርስ ያስቆጥራል።